«እኔ የመረጥሁት ሌላውን ነው»



ዛሬ ስለ ካርቱን ፊልም ልጽፍ ነው። «ሰውዬው ምን ነካው? የአገሩ ጉዳይ ሁሉ አልቆለት ነው ወይ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በሙያዬ የምርጫ ሥርዓቶችን አስተምራለሁ፤ ስለ ጉዳዩ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍትን ሳገላብጥ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያጽናና፣ አሥር ደቂቃ እንኳ የማይሞላውን የዚህን ካርቱን ያህል ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤታችን መምጣቱ አይቀርም።

ፊልሙ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተሰኘው፣ ካርቱን ቢሆንም ለሕፃናት ተብሎ ያልተሠራው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አንድ ክፍል ነው። ይህ ተከታታይ በየዓመቱ በሃሎዊን ሰሞን ሦስት አጫጭር የቅዠት ታሪኮችን አንድ ላይ አድርጎ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1996፣ የአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊካሄድ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ከቀረቡት ሦስት ታሪኮች የመጨረሻው «ሲቲዝን ካንግ» ይባላል። ጸሐፊው ዴቪድ ኮኸን ነው፤ ኋላ ከማት ግሮኒንግ ጋር ሆኖ «ፊውቹራማ» የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ካርቱን ያዘጋጀው ሰው ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኛው ሆመር ሲምፕሰን ዓሣ በማጥመድ ላይ ሳለ፣ ካንግ እና ኮዶስ የሚባሉ ባለ አንድ ዐይን፣ ለሃጫቸው የሚዝረበረብ ሁለት የጠፈር ፍጡራን በመንኮራኩራቸው ጠልፈው ይወስዱታል። መሪህ ማን ነው ብለው ይጠይቁታል። እሱም በየዋህነት፣ ለጊዜው ፕሬዚዳንቱ ቢል ክሊንተን እንደሆነ፣ ምርጫ ስለተቃረበ ግን ቦብ ዶል ሊተካው እንደሚችል ያስረዳቸዋል። ወራሪዎቹ ብልሆች ናቸው። ማን እንደሚያሸንፍ በመገመት ጊዜ አያባክኑም፤ ሁለቱንም ዕጩዎች ጠልፈው ያሽጓቸውና አንዱ የክሊንተንን፣ ሌላው የዶልን መልክ ለብሰው ወደ ቅስቀሳው ይገባሉ። ሆመርን ደግሞ ማንም እንዳያምነው መጠጥ አርከፍክፈውበት ይለቁታል።

ሳቁ ያለው ቅስቀሳው ላይ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአደባባይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ሕዝቡ ግር ይለዋል እንጂ አይደነግጥም። አንደኛው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ ፊትም ሳይሆን ወደ ላይ፣ እየተሽከረከሩም ጭምር ወደ ነፃነት ስለ መገስገስ ይደሰኩራል። ስለ ጽንስ ማቋረጥ ጥያቄ ሲነሣ ዕጩው ለሁሉም እፈቅዳለሁ ይላል፤ ሕዝቡ ይጮኽበታል። እንግዲያስ ለማንም አልፈቅድም ይላል፤ አሁንም ይጮኽበታል። በመጨረሻ ለአንዳንዶቹ ፈቃድ፣ ለቀሩት ደግሞ ትንንሽ ባንዲራ እሰጣለሁ ሲል አደባባዩ በጭብጨባ ይናጋል። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የጋዜጠኛው ነገር ነው። ሕዝቡ ከተፎካካሪዎ ይልቅ እርስዎን ለምን ይምረጥ ብሎ ይጠይቃል። ዕጩውም ማንንም ብትመርጡ ልዩነት የለውም፤ ፕላኔታችሁ እንደሆነ አልቆላታል ብሎ እቅጩን ይነግረዋል። ጋዜጠኛውም የመልሱን ግልጽነት ያደንቃል።

መጨረሻው የታወቀ ነው። ሆመር መንኮራኩሩን አግኝቶ እውነተኞቹን ክሊንተንንና ዶልን ሊያድን ሲሞክር በስሕተት ወደ ሕዋ ይወረውራቸዋል። ከዚያም መንኮራኩሩን እየነዳ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ጋር ያላትመውና በሕዝብ ፊት የሁለቱን ጭምብል ይገልጣል። ሕዝቡ ደነገጠ። ወራሪዎቹ ግን አልደነገጡም። አዎን፣ የጠፈር ሰዎች ነን፤ ታዲያ ምን ታመጣላችሁ? ሥርዓታችሁ የሁለት ፓርቲ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችንን መምረጥ አለባችሁ አሉ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሦስተኛ ዕጩ እመርጣለሁ ቢል፣ ሂድና ድምፅህን አባክን ብለው ሳቁበት። በቦታው የነበረው የሦስተኛው ፓርቲ ዕጩ ሮስ ፔሮ በንዴት የገዛ ባርኔጣውን በቡጢ በሳው። ካንግ ተመረጠ። የሰው ልጅ በሰንሰለት ታስሮ፣ ስሟን ሰምቷት በማያውቃት ፕላኔት ላይ የሚያነጣጥር ግዙፍ መሣሪያ ሲገነባ እናያለን። የሆመር ሚስት ማርጅ ብታማርር፣ ሆመር ሰንሰለቱን እየጎተተ እኔን አትውቀሱኝ፣ እኔ የመረጥሁት ኮዶስን ነው አለ። ታሪኩ በዚህ ያበቃል።

የጠፈር ወራሪ በሥነ ጽሑፍ ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» ልብ ወለድ፣ የማርስ ፍጡራን በሚያቃጥል ጨረር እንግሊዝን ሲወርሩ ጽፏል። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ለአገሩ ሰዎች የታስማኒያን ነባር ሕዝብ ዕጣ ያስታውሳቸዋል፤ በማርሳውያኑ ከመፍረዳችሁ በፊት እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ አስቡ ለማለት ነው። ይህንኑ ታሪክ ወጣቱ ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 በሬዲዮ ድራማ መልክ ሲያቀርበው፣ እውነተኛ ዜና መስሏቸው የተሸበሩ አድማጮች ነበሩ። የካርቱኑ ርእስ የሚጫወተው በዚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «ሲቲዝን ኬን» ፊልም ስም ነው። የፊልሙ ባለታሪክ ጋዜጣ ያለው ባለጸጋ ሲሆን ለአገረ ገዢነት ይወዳደራል። በምርጫው ማግስት ጋዜጣው ሁለት የፊት ገጽ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ጌታው ማሸነፉን የሚያበሥር፣ ሌላው ድምፅ ተሰረቀ የሚል። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

በዌልስ ዘመን ወራሪው የሚመጣው በእሳት ነበር። ካንግ እና ኮዶስ ግን አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ በምርጫ ሳጥን ገቡ። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። የዚያ ጅብ ብልሃት አለመታወቁ ነው። የካርቱኑ ጅቦች ግን ታወቁ፤ ጅብ ነን ብለው ራሳቸው ተናገሩ፤ ቁርበቱ ግን እንደዚያም ሆኖ ተነጠፈላቸው። ሕዝቡን ያሰረው ውሸት ቢሆን ኖሮ ጭምብሉ በወደቀ ጊዜ ነፃ በወጣ ነበር። የዚህ ጽሑፌ ነገርም ከዚህ ይጀምራል፤ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ሕዝቡን ያሰረው ምንድን ነው?

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርሁበት ጊዜ፣ ከተለያየ አገር ከመጡ የትምህርት ጓደኞቼ ጋር ነበር። ሁሉም እየሳቀ አንድ ዓይነት ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ፖለቲከኛ ሁሉ አንድ ነው፣ ምርጫ ቀልድ ነው። እኛም አገር ይህ ድምዳሜ የራሱ ምሳሌ አለው፤ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። እኔ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ፊልሙን በዚህ መንገድ አልተረዳሁትም።

ሁለቱ አንድ ናቸው የሚለው አባባል በገሃዱ ዓለም ተፈትኗል። ከካርቱኑ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ምርጫ፣ ራልፍ ኔደር በሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች መካከል እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለም እያለ ተወዳደረ። በፍሎሪዳ 97,488 ድምፅ አገኘ። በዚያው ክፍለ ግዛት ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ፕሬዚዳንትነቱንም ያገኘው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢራቅ ጦር ያዘመተው እጅ በዚያች ኢምንት ብልጫ ሥልጣን የያዘ እጅ ነው። ለባግዳድ ነዋሪ ጉልቻው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አልነበረም።

ታዲያ በሰው ሁሉ ፊት ጅብ መሆናቸውን ያመኑ ሁለት ጅቦች ሲቀርቡ፣ ሕዝቡ ለምን ሌላ አይመርጥም? ሞኝ ስለሆነ ነው? አይደለም። ሒሳብ ስለሚችል ነው። መቶ መራጮች ያሉበት አንድ የምርጫ ክልል እንውሰድ። አንዱ ዕጩ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ አገኙ እንበል። ከሌሎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሁሉን ይወስዳል በሚለው በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ባለ 40ው አሸነፈ፤ 60ው ሰው ሳይፈልገው ተወከለ። በሚቀጥለው ምርጫ እነዚያ 25 ሰዎች ምን ያስባሉ? የምንወደውን መርጠን የምንጠላውን ከምናነግሥ፣ ብዙም የማንጠላውን እንምረጥ ይላሉ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ነውና፣ ሦስተኛው ዕጩ እንደ ጉም ይተናል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቬርዤ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህ ሥርዓት አገሮችን ወደ ሁለት ፓርቲ እንደሚገፋ አስረድቷል። ሕግ ነው እየተባለ በስሙ ቢጠራም በየአገሩ ሳይዛነፍ የሚሠራ አይደለም። ሮስ ፔሮ ግን የእውነቱን ያህል ቀምሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከመቶ 19 የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ ከወኪል መራጮች ድምፅ አንድም አልደረሰውም። በ1996 ደግሞ ከቴሌቪዥን ክርክሮቹ ውጭ ተደርጎ ድርሻው ከመቶ ወደ 8 ግድም ወረደ። ባርኔጣውን ቢመታ አይፈረድበትም።

ካርቱኑ የማያሳየን አንድ ነገር አለ፤ ሥርዓቱ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን። ካንግ ሥርዓታችሁ የሁለት ፓርቲ ነው ሲል፣ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይዘንባል እንደማለት አድርጎ ነው፤ ከአደባባዩም ሥርዓቱን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። የሚደንቀው፣ በዚያው ወር፣ ካርቱኑ ከመታየቱ 15 ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1996 የኒውዚላንድ ሕዝብ በአዲስ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በዚያች አገር አሮጌው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1978ና በ1981 ከተፎካካሪው ያነሰ ድምፅ ያገኘውን ፓርቲ በሥልጣን ላይ አቆይቷል። በ1981 ከመቶ 20 በላይ ድምፅ ያገኘው ሦስተኛ ፓርቲ ከ92 መቀመጫዎች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1986 አጣሪ ኮሚሽን ለውጥ ይደረግ ብሎ መከረ፤ በ1993 ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ አሮጌውን ትቶ ቅይጥ ተመጣጣኝ ውክልናን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 ምርጫ አንድ ሦስተኛ ኃይል 17 መቀመጫ አግኝቶ መንግሥት ማን እንደሚመሠርት የሚወስነው እሱ ሆነ። ድርድሩ ሁለት ወር ፈጀ፤ ያልጠበቁት ጥምረት ስለተፈጠረም ብዙ መራጮች ተቆጡ። ገነት አልወረደም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ሲጠየቁ አብዛኞቹ ሥርዓቱ ይቆይልን አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልላቸው አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። ካንግ የተመካበት ሥርዓት ማለት ነው፤ የእኛው ወደ ሁለት ፓርቲ እንኳ አላደረሰንም እንጂ። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ547ቱ መቀመጫዎች ከ160 በላይ ሲያገኙ፣ የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች ቅንጅት ጠራርጎ ወሰዳቸው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ በዚያችው ከተማ 22ቱን ወሰደ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከአጋሮቹ ጋር 545 ደረሱት። በ2007 ዓ.ም. አንድም አልቀረው። በመካከሉ ደም ፈስሷል፣ መሪዎች ታስረዋል፣ ምኅዳሩ ጠብቧል፤ ስለዚህ ሁሉም የሒሳብ ውጤት ነው የሚል ጅል አይደለሁም። ነገር ግን አንዲት ከተማ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጥቁር ወደ ነጭ ስትገለበጥ በመካከሉ ያለውን ግራጫ የዋጠው፣ ለአሸናፊው ሁሉን ሰጥቶ ለተሸናፊው ምንም የማያስተርፈው ሥርዓት ጭምር ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፍሁበት ረጅም ሰልፍ ትዝ ይለኛል። ከኋላዬ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወረፋው አሰልቺ ስለነበር ወግ ጀመርን። «አባባ፣ የሚመርጡትን ወስነዋል?» አልኋቸው። «ልጄ፣ እኔ የምመርጠውን አይደለም የወሰንሁት» አሉኝ። «እንዳይመጣብኝ የምፈራውን ነው። እሱን የሚያስቀርልኝ ማን እንደሆነ አንተ የተማርኸው ንገረኝ።» የማስተምረው ዱቬርዤ በእኒያ አዛውንት አንደበት አንድ ዓረፍተ ነገር ተኩል ሆኖ አለቀ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የ2002ቱ ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ በየሻይ ቤቱና በየመምህራን ክበቡ የሰማሁት ንግግር ደግሞ ሌላ ነበር። አንዱ «እኔ አልመረጥኋቸውም» ይላል። ሌላው «እኔ እንኳን ልመርጥ የምርጫ ካርድም አላወጣሁ» ይላል። ሦስተኛው «እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር» ይላል። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ሆመር ነው። የተማረው ሰው ከሌላው የሚለየው ይህችን ንጽሕና በጥሩ ቋንቋ ማቅረብ መቻሉ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ልማዱ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ምርጫ ኒክሰን 49 ክፍላተ ግዛት ሲያሸንፍ እምቢ ያለችው ማሳቹሴትስ ብቻ ነበረች፤ የዋተርጌት ቅሌት ከፈነዳ በኋላ የዚያ አገር ሰዎች እኛን አትውቀሱን፣ የማሳቹሴትስ ሰዎች ነን የሚል ጽሑፍ በመኪናቸው ላይ ለጠፉ። የሆመር ንግግር በዚህ ልማድ ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው። የሆመር ዓረፍተ ነገር ራሱ ኋላ የመኪና ተለጣፊ ሆነ። ሽሙጡን የሸሙጡበት ሰዎች ገዝተው ለጠፉት።

ይህን ካርቱን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አሳያለሁ። በአንድ ወቅት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ እኔን ያሳዘነኝ ሆመር አይደለም» አለችኝ። «እነዚያ ምንም ሳይናገሩ ሰንሰለት የሚጎትቱት ናቸው። እነሱ ማንን መርጠው ነበር?» ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእውነተኛው የ1996 ምርጫ፣ ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰ አሜሪካውያን ድምፅ የሰጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። ያልመረጡት ከክሊንተን ደጋፊዎችም ሆነ ከዶል ደጋፊዎች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ይህንኑ ነገርኋት። «እንግዲያው ድምፅ የሚያባክነው ማን ነው?» አለች። ሦስተኛ ዕጩ የመረጠው? ከሁለት ክፉ የተሻለውን የመረጠው? ወይስ ከቤቱ ያልወጣው?

የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። የእኒያ አዛውንት አመራረጥ የሚያሳፍር አይደለም። ክፉ በቀረበበት ገበታ ላይ ትንሹን ክፉ ማንሣት ዕውቀት ነው፤ የ537 ድምፅ ታሪክ ይመስክር። ሦስተኛውን የመረጠም ለነገ ዘር እየዘራ ሊሆን ይችላል። የሁሉም ድምፅ የሚባክነው ግን በምርጫው ማግስት፣ «እኔ የመረጥሁት ሌላውን ነው» ተብሎ ነገሩ የተዘጋ ጊዜ ነው። ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር ማን ተመረጠ ከሚለው ጥያቄ ውጭ ሌላ ጥያቄ እንዳይነሣ ያደርጋል። በወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ለምን ቀረበልን? 40 ያገኘው ለምን ሁሉን ወሰደ? የ60ዎቹ ድምፅ የት ገባ? ይህን ሕግ ማን ጻፈው፣ በምን መንገድስ ይሻሻላል? የኒውዚላንድ ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች አንሥተው መልስ እስኪያገኙ ከ15 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ያውም ጥይት ሳይተኮስ፣ ማንም ሳይታሰር።

እኛም አገር ስለ ምርጫ ስንነጋገር ወሬያችን ሁሉ ስለ ሰዎች ነው፤ እገሌ ጅብ ነው፣ እገሌ ደግሞ የበግ ለምድ ለብሷል እንላለን። ልክ ልንሆን እንችላለን። ነገር ግን በካርቱኑ ጭምብሉ ወልቆም ምርጫው እንደተካሄደ አንርሳ። ማንነታቸውን ማወቅ ሕዝቡን አላዳነውም፤ ያልጠየቀው ስለ ሥርዓቱ ነበርና። ተመጣጣኝ ውክልና ለኢትዮጵያ ይበጃል ወይስ ይበታትናል የሚለው በሁለቱም ወገን ብዙ የሚባልለት ክርክር ነው፤ እኔም የራሴ አቋም አለኝ፤ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። የዛሬው ልመናዬ ክርክሩ ምርጫ ደርሶ ሳይጨንቀን፣ ምርጫ በሌለበት ወራት፣ በየክፍሉና በየቡና ገበታው ይጀመር ነው። ሰንሰለቱ ከተቆለፈ በኋላ ማን ማንን መረጠ ብሎ መጠያየቅ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ቸር ይግጠመን።